«የእገሌ አማት» ስም አይደለም

በኛ አገር ሰው ሞተ የሚባለው የሚወረስ ነገር ሲተው ነው። ቤት የነበረው፣ የባንክ ደብተር የነበረው፣ የጡረታ አበል የሚቀበል የነበረ፣ እሱ የሞት ምስክር ወረቀት ይወጣለታል፤ ልጆቹ ተሰልፈው፣ ተለማምጠው፣ ምስክር ቆጥረው ያስወጡለታል። ማሽላውን ዘርቶ፣ ልጆቹን አሳድጎ፣ ከአንድ ጋቢና ከአንድ ዱላ በቀር ሳይተው ያረፈው ግን ይለቀስለታል፣ ይቀበራል፣ አለቀ። ለሱ መዝገብ የሚገልጥ የለም። ሴት ከሆነችማ ጭራሽ።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ንዴቴን ለማለዘብም አላሰብኩም።

የአባቴን ወገን እስከ ሰባት ቤት እቆጥራለሁ። እኛ ራያ፣ ዋጃ ከተማ ያደገ ወንድ ልጅ ይህን ካልቻለ ሽማግሌ ፊት አፉን ባይከፍት ይሻለዋል። በእናቴ በኩል ግን አያቴ ላይ ስደርስ መንገዱ ይቆረጣል። አያቴን አውቃታለሁ፤ አዝላኛለች፣ ጥንቅሽ እየላጠች አብልታኛለች። የአባቷም ስም ይታወቃል። እናቷ ማን ነበረች? ከየት መጣች? አንዱ ዘመድ ከዞብል ወዲያ ናት ይላል። ሌላው ከደጋ፣ ከላስታ በኩል ነው የወረደችው ይላል። አንዲት አክስቴ ደግሞ የሼህ ልጅ እንደነበረች ምላ ትናገራለች። ሦስቱም አይዋሹም፤ የሰሙትን ነው የሚናገሩት። ግን ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ አይችሉም።

ስለዚህ ወረቀት ፍለጋ ተነሳሁ። የአያቴ ሞት የሆነ ቦታ ተመዝግቦ ከሆነ የወላጆቿ ስም አብሮ ይገኝ ይሆናል ብዬ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆምኩ።

«ለውርስ ነው?» አለኝ ጸሐፊው።

«አይደለም።»

«ለጡረታ?»

«ጡረታ አልነበራትም።»

«ክስ አለ እንዴ?»

«ክስም የለም። ወላጆቿ እነማን እንደነበሩ ተጽፎ እንደሆነ ለማየት ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ወንድሜ፣ ለሱማ ሽማግሌ ጠይቅ እንጂ!» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ደግሞ ማዘኔን አይቶ ነው መሰለኝ «አብሽር» አለኝ። በልጁ አልተናደድኩም። እሱ ያለበት መሥሪያ ቤት ሞትን የሚያውቀው በንብረት በኩል ብቻ ነው፤ ያላስተማሩትን ከየት ያመጣዋል? የተናደድኩት ከሽማግሌ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ሽማግሌ በሚያመላልሰን ነገር ነው። ሽማግሌውን ጠይቄ ነዋ የመጣሁት!

ከዚያ ወደ ቅሬ ሄድኩ። የወሎ ሰው ቅሬ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻውም፤ ሌላው አንባቢ እድር ብሎ ያንብበው። ቅሬ ድንኳን ይተክላል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ ሐዘንተኛ ያስተዛዝናል፣ የቀረውን ይቀጣል። ያለ ቅሬ የተቀበረ የዋጃ ሰው አላውቅም። እስላሙም ክርስቲያኑም ሬሳ የሚሸከመው በሱ ነው። እንግዲህ በዚህ አገር የሞተን ሰው ሁሉ የሚያውቅ አንድ ተቋም ካለ እሱ ቅሬ ነው።

የድሮው ደብተር ተገኘ። ጠርዙን አይጥ በልቶታል፤ ሽፋኑ በማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ ተሰፍቷል። ጸሐፊው በእስክሪብቶና በማስመሪያ አምድ አምድ አድርጎታል፤ ተራ ቁጥር፣ የአባል ስም፣ የሟች ዝምድና፣ የተከፈለ ብር፣ ፊርማ። አያቴ ያረፈችበትን ወር ስለማውቅ ገጹን አገኘሁት። የአባቴ ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ተጽፏል። «የሟች ዝምድና» በሚለው አምድ ሥር «አማት» ይላል። ቀጥሎ የተከፈለው ብር አለ። ቀጥሎ የአባቴ ፊርማ።

አማት። ሰባ ዓመት ያህል የኖረች፣ ድርቅ ያየች፣ የወለደች፣ የቀበረች ሴት አማት ተብላ ተዘጋች። ገጹን ወደ ላይ ወደ ታች አየሁት፤ «እናት»፣ «አባት»፣ «ልጅ»፣ «የሚስት ወንድም»፣ «አማት»፣ «እናት»። ስም የተጻፈለት ሟች ራሱ አባል የነበረው ብቻ ነው። ደብተሩ የተሠራው ማን ሞተ የሚለውን ለመያዝ ሳይሆን ለማን ተከፈለ የሚለውን ለመያዝ ነው። ሒሳቡ አንድ ሳንቲም አይጎድልም። ሰው ግን ጎድሏል፤ ከወንዱ ደግሞ ሴቷ ትበዛለች፤ አባሉ ባልየው ነዋ!

እንግዲህ «እኛ እኮ ትውልዳችንን በቃላችን የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ወረቀት የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ሰው ሳገኝ ደሜ የሚፈላው ለዚህ ነው። ይህ ትምክህት ከእውነቱ ይልቅ ድምፁ ይበልጣል። አያቶቻችን ትውልድ የቆጠሩት ለጌጥ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጠር አይጋቡም፤ ያ አንዱ ምክንያት ነው። ትልቁ ምክንያት ግን መሬት ነበር። አላን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ጎጃም ውስጥ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ርስትን አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ይህን በደንብ ያሳያል። ገበሬው ከመጀመሪያው አቅኚ አባት ጀምሮ የሚቆጥረው የርስት ድርሻ ለመጠየቅ ነው፤ የሚቆጥረውም በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም ነው። በሴት አያት በኩል መሬት ሊመጣ ስለሚችል ሴት አያት አትረሳም ነበር። እኛ ቆላ የመሬቱ ሥርዓት መልኩ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው፤ ጥቅም ያለበት ስም ይታወሳል።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና ርስት ቀረ። አዋጁን አልወቅስም፤ ጭሰኛ የነበረ ሰው ልጅ አዋጁን አይወቅስም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በሴት አያት በኩል ቆጥሮ የሚጠቅመው ሰው ጠፋ። መቁጠሩም አብሮ ቀረ። ዛሬ የቀረን በአባት በኩል ያለው ዝርዝር ነው፤ እሱም ስማችን ውስጥ ስላለ ነው እንጂ ስላስታወስነው አይደለም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። እናት የት አለች? መታወቂያችን ላይ የለችም። በእጄ ባለው አንድ የዘመድ የሞት ምስክር ወረቀት ላይም ፈለግኳት። የሟች ስም፣ የአባት፣ የአያት፣ ፆታ፣ የተወለደበት፣ የሞተበት ቀን፣ የሞተበት ቦታ፣ ዜግነት፣ ማኅተም። «የእናት ስም» የሚል መስመር አጣሁ። የቅሬው ደብተርና የመንግሥቱ ወረቀት ሳይመካከሩ አንድ ሐሳብ ላይ ደርሰዋል።

ራያ ደግሞ ነገሩ ከሌላው ቦታ ይከፋል። እዚህ በአንድ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ተነግሯል፤ ወደ ምሥራቅ ደግሞ አፋር አለ። አያቱ እስላም፣ አባቱ ክርስቲያን የሆነ ወሎየ ሞልቷል፤ ተገላቢጦሹም። ሰውየው የዓለም ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው፣ የቅጽል ስም አለው። ፍትሐት ሲደረግለት ቄሱ የሚጠሩት በክርስትና ስሙ ነው፤ ያን ስም ልጆቹ እንኳ አንዳንዴ የሚሰሙት በቀብሩ ቀን ነው። ሰደቃ የሚወጣለት ደግሞ በሌላ ስም ነው። አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ የወገኑን ስም በተራ ትጠራለች፤ ያ ቀን ካለፈ ማን ያገኘዋል? እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቦታ ላይ ሁሉም ስሙ ተሰብስቦ ካልተጻፈ የልጅ ልጁ ሦስት የተለያዩ ሰዎች እያሳደደ ነው የሚኖረው።

ከዚህም የከፋ አለ። ራያ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ስንት ሰው እንዳስገደለ እዚህ ያለ ሰው ያውቀዋል። በየመድረኩ የሚቆመው ሁሉ አያቶቻችንን ምስክር አድርጎ ይጠራል። «አባቶቻችሁ እንዲህ ነበሩ» ይላል አንዱ፤ «የለም፣ እንዲያ ነበሩ» ይላል ሌላው። ሟቾቹ ዝም! ስማቸው ያልተጻፈ፣ የት እንደተወለዱ ያልተጻፈ፣ እናታቸው ያልተጻፈች ሙታን ለማንኛውም ካድሬ ይመሰክራሉ። እኔ ብሔር የሚል ሳጥን እንዲሞላላቸው አልጠይቅም፤ እሱን ሳጥን ጠግበነዋል። ስማቸው፣ እናታቸው፣ አባታቸው፣ የትውልድ መንደራቸው ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ተንኮለኛው ትንሽ ይቸገራል።

አሁን ወደ አያቴ እናት ልመለስ። በዘመድ ሁሉ ዘንድ ያልተለያየ አንድ ወሬ አለ፤ የሞተችው በ1977 ነው፤ ኮረም። ከዋጃ ወደ አላማጣ፣ ከአላማጣ ግራካሱን ወጥታ እህል ወደሚታደልበት ሄደች፤ አልተመለሰችም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ካሜራውን የያዘው ሞሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ምስል ዓለምን አስለቀሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 6 ቀን ዌምብሌይ ስታዲየም ለረሀቡ ታላቅ የርዳታ ኮንሰርት ተደረገ፤ ገንዘብ ጎረፈ። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ የኮረምን ያህል የታየ ሞት አልነበረም ማለት ይቻላል። በአቡጀዲ የተጠቀለሉትን ሬሳዎች ያላየ ፈረንጅ የለም። እስቲ አንዱን በስሙ ጥራ በሉት! እኛንስ ጥሩ ብትሉን?

የዚያ ረሀብ ሟቾች ስንት ናቸው? አንዱ ግምት 400,000 ይላል፤ ሌላው 1 ሚሊዮን ይላል። በሁለቱ መካከል 600,000 ሰው አለ። ደጋግማችሁ አንብቡት። 600,000 ሰው ይኑር አይኑር፣ ይሙት አይሙት የማይታወቅበት ሒሳብ ነው። አንድ ጎተራ ስንዴ እንዲህ ቢዛባ ስንት መጋዘን ጠባቂ በታሰረ ነበር! ምሁራኑ የሚከራከሩት ስሌት ስላቃታቸው አይደለም፤ የሚቆጠር መዝገብ ስለሌለ ነው። በ1966ቱም ረሀብ እንዲሁ ነበር፤ ይህ መንገድ ዳር፣ ከቆቦ እስከ አላማጣ፣ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ያም ቁጥር እስከ ዛሬ በግምት ነው የሚነገረው።

በዚያው በ1977 እና በ78 መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ያህል ሰው አንስቶ ወደ ደቡብና ምዕራብ አሰፈረ፤ ፓዌ፣ ጋምቤላ፣ ኢሉባቦር፣ ወለጋ። እዚህ አካባቢ «ፓዌ ቀረ» የሚባል ዘመድ የሌለው ቤት ብዙ አይደለም። ቀረ ማለት ምን ማለት ነው? ሞተ? አገባ? ወለደ? በወባ በመጀመሪያው ክረምት ያለቀው ስንት ነው? ፓዌ ያሉ የልጅ ልጆች ዋጃን በወሬ ያውቋታል፤ ዋጃ ያሉት ደግሞ ተስካር ያውጡ አያውጡ ሳያውቁ አረጁ። አንድ ወረቀት፣ «የትውልድ ቦታ፦ ራያና ቆቦ አውራጃ» የምትል አንዲት መስመር፣ ሁለቱን ቤቶች ባገናኘች ነበር።

ሕግ አልነበረም እንዳትሉኝ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ በዝርዝር ደንግጓል፤ ማን ይመዘግባል፣ ማን ያስታውቃል፣ ምን ይጻፋል። ቆንጆ ሕግ ነበር። ከመጨረሻዎቹ አንቀጾቹ አንዱ ግን ይህ የመዝገብ ክፍል በነጋሪት ጋዜጣ ቀኑ እስኪገለጽ ድረስ አይጸናም አለ። ያ ቀን ሳይገለጽ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ ሄደ፣ ኢሕአዴግ ገባ። አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ነው። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ከ1952 እስከ 2008፣ 56 ዓመት! በነዚያ ዓመታት ሁለት ታላላቅ ረሀብ፣ አንድ አብዮት፣ ቀይ ሽብር፣ ስንት ጦርነት አለፈ፤ ሞት ሥራ ፈትቶ አያውቅም፣ መዝገቡ ግን ቀኑን ይጠብቅ ነበር።

አሁንስ? አዋጁ ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። አብሮ የኖረ፣ እሱ ከሌለ ዘመድ፣ ዘመድ ከሌለ ጎረቤት ማስታወቅ አለበት ይላል። ይህን የሚያውቅ ጎረቤት ካለ አሳዩኝ። ገጠር ውስጥ መዝጋቢው የቀበሌ ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ማዳበሪያ የሚያከፋፍለውም እሱ፣ ስብሰባ የሚጠራውም እሱ፣ ግብር የሚያስታውሰውም እሱ ነው። ሐዘንተኛ ከመቃብር ተመልሶ ቢሮው ሲሄድ ዝግ ነው፤ «ስብሰባ ወጥቷል»። ሁለተኛ አይሄድም፤ ምን ሊሆነው? ለልደት እንኳ ትምህርት ቤት ይጠይቃል፣ ክትባት ያስታውሳል። የሞተ ሰው ግን የትም ስለማይሄድ የሚጠይቀው የለም። በ2008 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበላቸው 3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ነበር ያገኘው። ለሚያለቅስ ሕፃን 3 በመቶ ከነበረ ለማያለቅስ ሬሳ ስንት ሊሆን ነበር?

ዋጃ ላይ ደግሞ ሌላ መከራ አለ፤ ማኅተሙ ይቀያየራል። ከተማችን ወሎ ሆናለች፣ ከ1984 ወዲህ ትግራይ ክልል ሥር ሆናለች፣ ከ2013 ጦርነት ወዲህ ደግሞ አስተዳደሩ ከእጅ ወደ እጅ ሄዷል። እኔ እዚህ የየትኛው ናት የሚለውን ልፈርድ አልተነሳሁም፤ ያን ጉዳይ ያለ እኔም የሚጮኹለት ሞልተዋል። የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ፋይሉ የት ሄደ? አስተዳዳሪ ሲወጣ ፋይሉን ይዞ ይወጣል ወይስ ጥሎት? አዲሱ ሲገባ የበፊቱን ማኅተም ያከብራል ወይስ «ይሄ በኛ ዘመን የወጣ አይደለም» ይላል? ሰው ሁለት ጊዜ ሊሞት አይችልም፤ ወረቀቱ ግን ሁለት ጊዜ እንዲወጣ ሲጠየቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ከኛ ትንሽ ወረድ ብላ ባለችው ቆቦ የሆነውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 የካቲት በዘገባው አውጥቶታል፤ የትግራይ ኃይሎች ያልታጠቁ ሰዎችን ገደሉ፣ ሬሳው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረ፣ አዲሱ መቃብርም በሳተላይት ምስል ታየ። ልብ በሉ፤ ከሰማይ መቃብሩን የሚያይ ተገኘ። ከምድር የእያንዳንዱን ስም፣ የእናቱን ስም፣ ያረፈበትን ቀን ጽፎ ለልጁ የሚሰጥ መሥሪያ ቤትስ? አላማጣም ማይጨውም ልጇ ወጥቶ የቀረባት እናት አለች፤ እሷም መርዶም ወረቀትም ሳይደርሳት በሩን እያየች ነው። ሕጉ ለሁለት ዓመት ወሬው የጠፋ ሰው መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲነገር መጠየቅ ይቻላል ይላል። ጠበቃ ማን ያቆምላታል? ከሃምሳ ዓመት በኋላ የልጇ ልጅ እንደኔ ደብተር ሲያገላብጥ ምን ያገኛል? የነዚህን የጦርነት ሟቾች ስም ዛሬ፣ ያዩት ሰዎች በሕይወት እያሉ፣ ካልጻፍን 1977ን በገዛ እጃችን እየደገምነው ነው።

ወረቀት ይዋሻል የሚለኝ ይኖራል። ይዋሻል እንጂ! በዚህ አገር የሞት ወረቀት እንዴት እንደሚዋሽ ከጉዲፈቻ ልጆች የበለጠ የሚያውቅ የለም። በ20 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ወደ አሜሪካ ብቻ 15,000 ያህል ልጆች ሄደዋል፤ ወደ አውሮፓም ብዙ። መንግሥት በ2010 የውጭ ጉዲፈቻን ከልክሏል፤ ከመከልከሉ በፊት ግን በሕይወት ያሉ ወላጆች ሞተዋል እየተባለ ወረቀት የተሠራባቸው ልጆች እንደነበሩ ተጋልጧል። ልጁ አድጎ ቤተሰቡን ሲፈልግ የሚያገኘው የእናቱን የሞት ማስረጃ ነው፤ እናቱ ደግሞ ቡና እያፈላች ልጄ የት ደረሰ ትላለች። «ቤተሰብ ፍለጋ» የሚባለው የነዚህ ልጆችና የወላጆች መፈላለጊያ የተፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ታዲያ መፍትሔው ወረቀት አለመጻፍ ነው? ሐሰተኛ ወረቀት ሊሠራ የቻለው እኮ የሚያመሳክሩት እውነተኛ መዝገብ ስላልነበረ ነው! መዝገብ በሌለበት አገር ማኅተም የያዘ ሁሉ ፈጣሪ ነው፤ ይገድላል፣ ያስነሳል።

ስኮትላንዶች በ1855 እ.ኤ.አ. ምዝገባ ሲጀምሩ የሞት መዝገባቸው ላይ የሟችን አባትና እናት፣ የእናትየዋን የልጅነት የቤተሰብ ስም ጭምር ጻፉ። ጎረቤታቸው እንግሊዝ ከነሱ 18 ዓመት ቀድማ ጀምራ ይህን አላደረገችም። ዛሬ ዘሩን የሚፈልግ ስኮትላንዳዊ አንድ የሞት ወረቀት አውጥቶ አንድ ትውልድ ወደ ላይ ይወጣል፤ እንግሊዛዊው ሌላ ወረቀት ፍለጋ ይንከራተታል። ልዩነቱ የሀብት አይደለም፤ ቅጹን ያዘጋጀው ሰው አንዲት መስመር ጨመረ፣ ሌላው አልጨመረም። እርግጥ ነው ሟች ስለ ራሱ አይመሰክርም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው አስመዝጋቢው የተናገረው ነው፤ ዕድሜው ግምት ነው፣ የአያት ስም ሊሳት ይችላል። ስለዚህ አስመዝጋቢው ማን እንደሆነና ለሟች ምኑ እንደሆነ መታወቁ ግማሽ ሥራ ነው፤ ዘር ፈላጊ ቀጥሎ የሚሄደው ወደዚያ ሰው ልጆች ነው።

የምጠይቀው ይህን ነው። ከላይ ያሉት ባለሥልጣናት የሞት ቅጽ ላይ የእናት ስም ከነአባቷ ያስገቡ፤ የትውልድ ቦታ «ኢትዮጵያ» ወይም የዞን ስም ተብሎ ሳይታለፍ እስከ መንደሩ ይጻፍ፤ የዓለምም የክርስትናም የእስልምናም ስም ይያዝ። ቀበሌ ሐዘንተኛን ቢሮ ድረስ መጥራቱን ትቶ ቅሬ ወዳለበት ይውረድ። ቅሬን ስለ ሞት ልታስተምሩት አትሞክሩ፤ ለቀባሪ ማርዳት ነው። በየወሩ መጥታችሁ ደብተሩን ገልብጣችሁ መዝግቡ፤ ሬሳ የተሸከሙት ሰዎች ከሚሰጡት የበለጠ ምስክርነት ከየት ይመጣል? ፍርድ ቤት ለወራሽነት ሦስት ምስክር ተቀብሎ ቤት የሚያስተላልፍ ከሆነ አርባ ሰው የቀበራትን ሴት ስም ለመጻፍ ምን ያንቀጠቅጣል?

«የሞተ ተጎዳ፤ መቃብር መቆፈር ምን ይጠቅማል?» የሚሉኝ አሉ። በገዛ ቤቴም አሉ። ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ወንዶች ናቸው፤ የነሱ ስም በልጆቻቸው ስም ላይ ተንጠልጥሎ ሁለት ትውልድ ይቆያልና አያሳስባቸውም። ሴቶቹን ስጠይቅ ሌላ መልስ ነው የማገኘው። አንዲት ጎረቤታችን፣ እናቴን የምታውቅ ሴት፣ የቅሬውን ደብተር ነገር ሳጫውታት ስራዋን አቁማ «እኔንም እንዲያ ነው የሚጽፉኝ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «የማን እናት ብለው?» የልጇን ስም ነገርኳት። «እሱማ መቼ ዝም ብሎ ተወለደ» አለችኝና ወደ ምጣዷ ተመለሰች።

በሚቀጥለው የቅሬያችን ስብሰባ ይህን አቀርባለሁ። «የሟች ዝምድና» ከሚለው አምድ ፊት «የሟች ስም፣ የአባት፣ የእናት፣ የትውልድ መንደር» የሚል ይግባ፤ የቆዩትንም ገጾች የሚያስታውሱ ሰዎች ሳያልፉ እንሙላ፤ ከአማቶቹ እንጀምር። አንዳንዱ ነገር አበዛህ ይለኛል። ጸሐፊያችን ደግሞ ገጽ አይበቃም ይላል፤ አውቀዋለሁ። ደብተሩን እኔ እገዛለሁ።